ቤቱ የሚታወቅ ሰው

አያ ልየው ማረፋቸውን የሰማሁት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ ፍኖተ ሰላም፣ ቢሮዬ ተቀምጬ የሳምሶንን ኢሜይል እያነበብኩ። ሳምሶን አዲስ አበባ ሆኖ ለአንድ የውጭ ኩባንያ በርበሬ የሚፈልግ ወኪል ነው። ኔትወርክ ከተመለሰ ገና ሁለተኛ ቀኑ ስለነበር የሳምንቱ መልእክት አንድ ላይ ወርዶልኝ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት የቀረጡን ድርድር እንደገና ጀምረዋል፣ የአሁኑ ተስፋ ከበፊቱ የተሻለ ነው፣ ከወንበርማ ገበሬዎች ጋር አዲስ ውል መፈራረም እንፈልጋለን፣ ረቂቁ ተያይዟል ይላል። ረቂቁን ልከፍት ስል ስልኬ ጮኸ። የሻረግ ናት፤ የአያ ልየው ልጅ።

«ዋሳችን» አለችኝ። ስሜ ሙሉጌታ መሆኑን ታውቃለች፤ በስሜ ጠርታኝ ግን አታውቅም። «አባባ ንጋት ላይ አረፉ። ቀብሩ ነገ ነው።»

እግዜር ያጥናችሁ ማለት ነበረብኝ፤ ብዬም ይሆናል። በደንብ የማስታውሰው ግን በልቤ ያልኩትን ነው፣ እሱም ያሳፍራል። «እንግዲህ እኔን ከዋስነቴ ማን ያወርደኛል?» ነበር ያልኩት። እንዲያ ያለ ሽማግሌ ሞቶ እኔ ያሰብኩት ስለ ራሴ ዋስትና ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ከመነሻው ልንገራችሁ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ምዕራብ ጎጃም ያመጣኝ ሥራ ነው። በዞኑ የገበያ ባለሙያ ነኝ፤ ገበሬውንና ገዢውን አገናኛለሁ። አያ ልየውን ያወቅኳቸው ወንበርማ ውስጥ፣ ሽንዲ አጠገብ ያለው የበርበሬ አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነው ነው። አጠር ያሉ፣ ጠይም፣ ከጣታቸው የበርበሬ ሽታ የማይጠፋ ሰው ነበሩ፤ ጨብጬያቸው ዓይኔን ካሸሁ ለቀኑ አለቀልኝ ማለት ነው። በልጅነታቸው ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይተው፣ አባታቸው ሲሞቱባቸው ወደ እርሻው ተመልሰዋል። ቅኔ ቤቱ አንድ ነገር ትቶባቸዋል፤ በንግግር አይቸኩሉም። ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልሱን እስክትጨርሱ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ይጠብቃሉ። መልሱ ካልጣማቸው ዱላው ቀስ ብሎ ይነሳና በሁለት እግራቸው መካከል ይተከላል። ከዚያ ወዲያ ብትናገሩ ድካም ነው። እኔ ዱላው መነሳት ሲጀምር ካየሁ ንግግሬን መሃል ላይ ቆርጬ እንደ አዲስ እጀምር ነበር።

በርበሬ ያውቁ ነበር። ዛላውን አንስተው ጆሯቸው አጠገብ ይነቀንቁታል፤ ፍሬው ውስጡ ሲንኮሻኮሽ በደንብ ከተሰማቸው «ደርቋል»፣ ካልተሰማቸው «ገና ነው» ይላሉ። አንድ ጊዜ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ከቢሮ ወስጄላቸው ነበር። መሣሪያው ቁጥሩን አወጣ፣ እሳቸውም ነቀነቁ፤ የሁለቱ ፍርድ ያው ሆነ። «ይኸማ ባትሪ ይበላል» ብለው መለሱልኝ።

ሳምሶን መጀመሪያ የመጣው ከሁለት ዓመት ከምናምን በፊት ነው፣ በግንቦት። የኩባንያውን ሰው፣ አንድ ረጅም ፈረንጅ ይዞ ነበር። የአገሩን ስም ልተወው፤ ትልቅ አገር ነው። በዚያ ሰሞን የእኛና የእነሱ መንግሥት ቀረጥ ለማንሳት እየተደራደሩ ነበር፤ ሬዲዮኑ ሁሉ እሱን ነው የሚያወራው። ቀረጡ ከተነሳ የእኛ በርበሬ እነሱ ዘንድ በቀላሉ ይገባል፣ የእነሱም ዕቃ እኛ ዘንድ እንደዚያው። ኩባንያው ታዲያ ስምምነቱ ሲፈረም ተቀድሞ ላለመቅረት ገበሬውን አስቀድሞ መያዝ ፈለገ። እኔም ፈለግኩ። ዓመት ሙሉ የተመላለስኩበት ነገር ነው፤ ከተሳካ ገበሬው ከቡሬ ነጋዴ እጅ ይወጣል ብዬ ከልቤ አምን ነበር። እድገትም ያስገኝልኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።

መፈራረሚያው ቡሬ ውስጥ፣ በተከራየነው አዳራሽ ሆነ። ባነር ተሰቀለ፣ የታሸገ ውኃ ተደረደረ። ኃላፊዬ ከአጠገቤ ተቀመጠ። ከአራት ጎጥ የተመረጡት ገበሬዎች ጋቢያቸውን ደርበው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ መሃላቸው አያ ልየው። ውሉን በአማርኛ የማነብላቸው እኔ ነኝ። አሥራ አንደኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ፈጠን አልኩ።

አንቀጹ ሁለት ነገር ይላል። ገበሬው ኩባንያው በጽሑፍ ሳይፈቅድለት በርበሬውን ለሌላ አይሸጥም። ኩባንያው ደግሞ መግዛት የሚጀምረው ሁለቱ መንግሥታት ስምምነቱን ሲፈርሙ ነው። መቼ? አይታወቅም። ካልፈረሙስ? ውሉ ዝም።

አያ ልየው ሰምተው ሲያበቁ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ነቀነቁት። ገበሬዎቹ ሳቁ፤ ፈረንጁም ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

«ገና ነው» አሉ።

«ምኑ ነው ገና፣ አባቴ?» አለ ሳምሶን። ትሁት ልጅ ነው፣ በዚያ አላማውም።

«እኛ ተይዘናል፤ እናንተ አልተያዛችሁም። መዋዋሉን አልጠላሁም፤ ትልቅና ትንሽም ይዋዋላል። ትልቁ ግን ዋስ ይጥራ።»

በዚህ አገር ሁለት ሰው ሲዋዋል ዋስ ይጠራል። ተዋዋዩ ቃሉን ካጠፈ ወይም ከተሰወረ ዋሱ ይያዛል። ወይ ሰውየውን ያመጣል፣ ወይ በአደባባይ ቆሞ ስለ እሱ መልስ ይሰጣል። ሳምሶን ይህን አላወቀም፤ ባንክ ስለሚጽፈው የዋስትና ደብዳቤ ማስረዳት ጀመረ። አያ ልየው ዱላቸውን አጋድመው እስኪጨርስ ጠበቁት።

«እኔ ሰው ነው የጠየቅሁ» አሉት።

«እናንተስ ዋስ ትጠራላችሁ?»

«እኛማ ወዴት እንሄዳለን፣ ልጄ? ቤታችን ይታወቃል። ማታ ብትመጣም ጧት ብትመጣም ኸዚያው ነን። ዋስ የሚጠራ ቤቱ የማይታወቅ ነው።»

ዱላው ተነሳና ተተከለ። ፈረንጁ ሰዓቱን አየ፤ ሳምሶን ጆሮው ላይ አንድ ነገር አንሾካሾከለት፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ኃላፊዬ ከጠረጴዛው ሥር ጫማዬን በጫማው ነካ። ዓመት ሙሉ የደከምኩበት ነገር በአንድ ሽማግሌ ግትርነት ሊፈርስ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። አሁን ተነስተው ቢሄዱ ተመልሰው የሚመጡ አልመሰለኝም። ምን እየሠራሁ እንደሆነ በደንብ ሳላስበው ቆምኩ።

«እኔ ዋስ እሆናለሁ» አልኩ።

አያ ልየው ረጅም ጊዜ አዩኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ለውጭ ኩባንያ ዋስ ሲቆም አይተው አያውቁም፤ እኔም ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

«ለነሱ ነው የሚቆሙ?»

«አዎ፣ ለነሱ።»

«ቤታቸውን ያውቁታል?»

«አውቃለሁ» አልኩ። የማውቀው ሳምሶን በሰጠኝ ካርድ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ነው።

መዳፌን በመዳፋቸው መቱና ለሕዝቡ «ዋስ ተጠርቷል፤ ስሙ» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ተፈረመ፣ ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ላይ ከሁሉ በላይ ጥርሴ የሚታየው እኔ ነኝ።

ያን ክረምት እንደ ጉድ ተሠራ። ኩባንያው በርበሬው መሬት ላይ እንዳይደርቅ፣ አፈር እንዳይነካው ብሎ ስለነበር ገበሬው ባሕር ዛፉን ቆርጦ፣ ወንፊት ሽቦ ወጥሮ አልጋ ሠራ። «ሰው መሬት ተኝቶ በርበሬ አልጋ ላይ ይተኛ ጀመር» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። አያ ልየው ትንሿን ሬዲዮናቸውን ከአልጋው ቋሚ ላይ ሰቅለው ዜና ይከታተላሉ። በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ቀረጡ ድርድር ነው። «ተጨባበጡ?» ይላሉ። «ገና ነው፣ አያ ልየው።» «እህም» ይላሉ፣ ይተዉታል።

አንድ ቀን አልጋው ጥላ ሥር ተቀምጠን እንዲህ አሉኝ፦ «እንዲያው እኒያ ሰዎች በርበሬያችንን አንድ ዓመት ባያገኙ ምን ይሆናሉ?»

«ምንም አይሆኑም» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

«እኛስ አንድ ዓመት ባይገዙን?»

መልስ ሳይጠብቁ ሌላ ዛላ አንስተው ነቀነቁ።

ጥር መጣ። በርበሬው ደርቆ፣ ተለቅሞ፣ ሽንዲ መጋዘን ገባ። ስምምነቱ አልተፈረመም። የካቲት ላይ ድርድሩ ለጊዜው መቆሙን ሬዲዮኑ ተናገረ፤ ለጊዜው ማለት ምን ያህል እንደሆነ አልተናገረም። ሳምሶን ስልክ ማንሳት ቀነሰ። የቡሬ ነጋዴዎች በአይሱዙ እየመጡ መጋዘኑ ደጅ ይቆማሉ፣ ገበሬው ያያቸዋል፣ መሸጥ ግን አይችልም። መጋቢት ሲገባ የበርበሬው ቀለም መልቀቅ ጀመረ። በርበሬ ቀይነቱን ካጣ ምንም ቢያቃጥል የሚፈልገው የለም።

የሆነውን በኋላ የነገረችኝ የሻረግ ናት። አንድ ቅዳሜ ከገበያ መልስ የተቆጡ ሰዎች መጋዘኑን ሊሰብሩ መጡ፤ መዶሻም ይዘዋል። አባቷ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀምጠው ነበር። አልተነሱም፣ አልጮሁም። «ስበሩት» አሉ። «የናንተው ነው። ኸዚያ ወዲያ ግን ዋሱን የምጠይቅበት አፍ አይኖረኝም። ቀድመን ቃል ያጠፍን እኛ ነን።» ሰዎቹ ረጅም ሰዓት ቆመው ተጨቃጨቁ። አንዱ አለቀሰ፤ ለልጁ ሠርግ የደገሰው በዚያ በርበሬ ተማምኖ ነበር። በመጨረሻ መዶሻውን ይዘው ተመለሱ።

በማግሥቱ መልእክት ደረሰኝ። በወሩ ማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ መጋዘኑ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ዋሱ ዋስ የሆነለትን ሰው ይዞ እንዲቀርብ።

ምን ይዤ ልቅረብ? ሳምሶን ከስንት ሙከራ በኋላ ስልኩን ሲያነሳ «አሥራ አንደኛውን አንቀጽ እይው እንጂ፣ ሙሌ» ነበር ያለኝ። ኃላፊዬ «ማን ዋስ ሁን አለህ?» አለ፤ ጫማዬን የነካው ሌላ ሰው ይመስል። ፈራሁ። የሚደበድቡኝ መስሎኝ አይደለም። ዋርካው ሥር ቆሜ የማየውን ፊት ነው የፈራሁት። ስለዚህ «ዋሱ ታሟል» ብዬ ላክሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ባለቤቴ ሮጣ መኝታ ቤት ገባች። «ሽማግሌው መጡ! ተኛ!» እንደነበርኩ ከነሸሚዜ አልጋ ገባሁና ጋቢ ተከናነብኩ። አያ ልየው አቧራ ለብሰው ገቡ። የዚያን ሳምንት መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ከማንኩሳ ወዲህ ያለውን በእግራቸው ነው የመጡት። ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ ጠርሙስ ማር አወጡ።

«ዋሴ፣ እንደምን ሆኑብን?» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ትንሽ... ወገቤን» አልኩ። ወገብ ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ሻካራ መዳፋቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። በላብ ተጠምቄአለሁ፤ በመጋቢት ሙቀት ጋቢ ተከናንቤ። «ትኩሳት የለበዎትም፤ ተመስገን» አሉ። ካልሲዬንና ጫማዬን አልጋው ሥር አዩ፣ በወንበሩ ላይ የተከፈተውን ላፕቶፕ አዩ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ልጆቼ ጠየቁ። ሊሄዱ ሲነሱ ብቻ እንዲህ አሉ፦ «ዋሳችን ታሟል ብየ ለሰዉ ነግሬአለሁ። ቀኑንም ለሚመጣው ማርያም አስተላልፈነዋል። ሲሻለዎ ብቅ ይበሉ።»

ይህ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። በነጋታው ግን ከሽንዲ ሁለት ሴቶች በጭድ የተጠቀለለ እንቁላል ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ከዚያ በኋላ አንድ ቄስ ጠበል ይዘው መጡ። አርብ ዕለት ያ መጋዘኑ ደጅ ያለቀሰው ሰው መጣ። ዶሮ ይዞልኛል። በርበሬው በእኔ ዋስነት ተቆልፎበት የቀረ ሰው፣ እግዜር ይማርህ ብሎ ዶሮውን አልጋዬ አጠገብ አኖረ። እሱ ሲወጣ ተነስቼ ልብሴን ለበስኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

መንገዱ እንደተከፈተ አዲስ አበባ ወረድኩ። የሳምሶን ቢሮ እንግዳ መቀበያ ሶፋ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ቀን ከተማ የለም ተባልኩ፤ በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን በጓሮ በር ሲወጣ ያዝኩት።

«ሙሌ፣ እኔ ምን ላድርግ? መንግሥታት አልተስማሙ።»

«ካልተስማሙ ገበሬውን ፍቱት። ይሽጥ።»

«ነገ ቢፈራረሙስ? በርበሬ ያለው እኛ ብቻ እንሆናለን።»

«እና እስከዚያ ይበስብስ?» ጮህኩበት። የጥበቃው ሠራተኛ ቀና ብሎ አየን። «ለእናንተ መያዝ ምንም አይጎዳችሁም። ለእነሱ የዓመት ጉሮሮ ነው!» ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ጠበሉ፣ ስለ ዶሮው ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ስጨርስ አልሳቀም። በመጨረሻ «ወደ ዋናው ቢሮ ውሰደኝ፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ቤታቸው የት ነው?» አልኩት።

«ይኼን ቢሮ ተከራይተን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ዋናው እዚያ አገራቸው ነው። እኔም ሄጄ አላውቅም።»

የዚያን ዕለት ጻፈላቸው። ለሳምሶን ፍትሐዊ ልሁንና፣ አምርሮ ነው የጻፈው። በነጋታው ሁለት መስመር መልስ መጣ፤ ገበሬዎቹ የዘንድሮውን ምርት ለፈለጉት እንዲሸጡ ተፈቅዷል።

ማርያም ዕለት ዋርካው ሥር ቆሜ አነበብኩላቸው። እልል ያለ የለም። በርበሬው በአብዛኛው ቀለሙ ሄዷል፣ ከሥር ያለው ሻግቷል፤ የቡሬ ነጋዴም ይህን ያውቃል። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ተነሳ። «ዋስ ሲጠራ እርሰዎ ለምን ቆሙ?» አለኝ። «ባይቆሙ ኖሮ እኒያ ሰዎች ያን አንቀጽ ይፍቁት ነበር፤ ወይም ይሄዱልን ነበር። ሁለቱም ኸዚህ ይሻለን ነበር።»

«ውሉ እንዳይፈርስ ብዬ ነው» አልኩ። ስናገረው ለራሴም ባዶ ሆኖ ተሰማኝ።

አያ ልየው ተነሱ። አውርደንሃል ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ደብዳቤው መጥቷል፤ በርበሬውን አውጡ» አሉ ለሰዉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰውየው ግን አልመጣም። ዋስነተዎ አልወረደም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ዋሴ ሆነ። ቡሬ ገበያ መሃል፣ መናኸሪያ፣ ስብሰባ ላይ፣ አያ ልየው ባገኙኝ ቦታ ሁሉ «ዋሴ፣ እንደምን ከረሙ?» ይሉኛል። ያለ ቁጣ ነው የሚሉት፤ ለዚህ ነው የሚከብደው። «ተጨባበጡ?» ይጠይቁኛል። «አልተጨባበጡም» እላለሁ። ከዚያ ስለ ልጆቼ ይጠይቃሉ። የገበያ ቀን ወደ ቡሬ የሚያስኬድ ሥራ ሲመጣ ለሌላ ባልደረባ የምሰጥበት ጊዜ ነበር። አንድ ጊዜ ትዕግሥቴ አልቆ «አያ ልየው፣ ድርድሩን ያቆምኩት እኔ ነኝ? ጥፋቱ የእኔ ነው?» አልኳቸው በሰው መሃል። ዱላቸው አልተነሳም።

«ጥፋትስ የርሰዎ አይዶለም» አሉ። «ችኮላው ነው የርሰዎ።»

እፈራቸው ነበር። እወዳቸውም ነበር፤ ይህን ያወቅኩት ግን የሻረግ በደወለችልኝ ማክሰኞ ነው።

በማግሥቱ ለቀብር ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። የሻረግ ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ አብጦ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አባባ ሲናዘዙ ስመዎን አንስተዋል» አለችኝ።

በዚህ አገር ሰው ሊሞት ሲል የነፍስ አባቱን አስጠርቶ ይናዘዛል፤ መሬቱን፣ ከብቱን፣ ያለበትን ቃል ሁሉ ይፈታል። አያ ልየው በቅሏቸውን ለታላቅ ልጃቸው፣ ሬዲዮናቸውን ለየሻረግ ሰጥተዋል። ቄሱ «ሌላስ?» ሲሏቸው ትንሽ አርፈው «የዋሴ ነገር አለ» አሉ።

«‹ዋስነቱን አውርጀለታለሁ፤ ደክሞበታል› አሉ» አለች የሻረግ። «‹ሁለተኛ ግን ቤቱን ለማያውቀው ሰው እንዳይቆም ንገሩት› አሉ።»

ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ዘመድ ያልሆነ ሰው ይህን ያህል ሲያለቅስ አይተው ተገርመው ይሆናል።

ሳምሶን ረቂቁን ይዞ የመጣው ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። በዚያው በቡሬው አዳራሽ፣ ያው ባነር ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ተሰቅሏል። ፈረንጁ አልመጣም። ገበሬዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሊቀመንበር አድርገው የመረጡት የሻረግን ነው። ኃላፊዬ ከአጠገቤ አለ። ውሉን አነበብኩ። አሥራ አንደኛው አንቀጽ አሁን አሥራ አራተኛ ሆኗል፤ ቃሉ ያው ነው። በዚህኛው ጊዜ እያንዳንዱን ቃል ቀስ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሳምሶን ለምን እንደደገምኩት ሳይገባው አልቀረም፤ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

ስጨርስ የሻረግ ተነሳች።

«መዋዋሉን አልጠላንም። ምርቱም አለን፣ አልጋውም አለን። ዋሳችሁ ማነው?»

ሳምሶን ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ከጠረጴዛው ሥር የኃላፊዬ ጫማ ጫማዬን ነካ፤ መጀመሪያ ለስለስ አድርጎ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጎ። ገበሬዎቹም ሁሉም እኔን አዩ። ያ የዶሮው ሰውዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ እሱም እያየኝ ነው። ጉልበቴ ሊነሳ ፈለገ። እውነቴን ነው፤ ዝምታው እንዲያበቃ ብቻ ብዬ ልቆም ነበር። በሁለት እጄ የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ። ድርድሩ እንደገና ቢቆም፣ በርበሬው እንደገና ቢቆለፍ፣ እኔ ምን ይዤ ዋርካው ሥር እቀርባለሁ?

አልቆምኩም። አንድ ሰው ሳለ። ኃላፊዬ እግሩን ሰበሰበ።

ሳምሶን ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ። «ደውዬ ልምጣ» ብሎ ወጣ። በመስኮቱ እናየዋለን፤ ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ፣ እጁን እያወናጨፈ ያወራል፤ አንድ ጊዜ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ሰማዩን አየ። ከአዳራሹ ማንም አልወጣም። ውኃ እንኳ የከፈተ የለም።

ሲመለስ አልተቀመጠም። «አሥራ አራተኛውን ለማስተካከል ዐሥር ቀን ስጡን ብለዋል» አለ። «ከኩባንያው የሚወክል አንድ ሰው እዚህ ቡሬ ቤት ተከራይቶ እንዲቀመጥም ጠይቄያለሁ፤ እሺ ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም።» ከዚያ ወደ የሻረግ ዞሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የማያውቀውን ለማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ከልቡ ጠየቃት። «ዋስ የሚሆነው ሰው ግን እንዴት ያለ መሆን አለበት?»

«ቤቱ የሚታወቅ» አለች።

ያኔ ወደ እኔ ያየ ሰው አልነበረም።